ያልገማው በርሜል

ጌቱ ከጓሮው በርሜል ሥር በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ኢንስፔክተር አመተ ማርያም ከደብረ ማርቆስ ተጠርታ ስትደርስ የሟች ወንድም ፈንታ በካቴና ታስሮ ቆሟል። ቅዳሜ ቀን በመሬት ውርስ ሲጣሉ አገር ሰምቷል፤ ለመንደሩ ነገሩ ያለቀለት ነበር።

«ከሞተ ሁለት ሌሊት አልፎታል» አለ ሐኪሙ። «ማጅራቱን ተመትቷል።»

አመተ ማርያም ሬሳውን ጋቢ አልብሳ ወደ በርሜሉ ዞረች። ነጭ አረፋ ኩፍ ብሎበታል። አጎንብሳ አሸተተችው፤ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የኮምፖስት ሻይ ይሉታል» አለች የሟች ሚስት ሥራነሽ። «የበሰለ ኮምፖስት በጆንያ ቋጥረን ውሃ ውስጥ እንነክራለን። ሦስት ቀን ጠዋት ማታ ይማሰላል። አፈራችን ነፍስ የዘራው በእሱ ነው። ዓርብ ነክረነው ነው እናቴን ልጠይቅ ደምበጫ የሄድሁት፤ ዛሬ ስመለስ ነው ወድቆ ያገኘሁት።» እንባዋ መጣ። «ገዳዩ ይኸው ቆሟል፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«ሳይማሰል ቢውልስ?»

«አየር ያጣና ባንድ ቀን ይገማል። ያኔ ተክል ስለሚጎዳ እንደፋዋለን።»

«ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ ፈንታ። «ወንድሜን ግን አልገደልሁም። ያንን ውሃም ቀርቤው አላውቅ፤ ለእኔ ማዳበሪያ በከረጢት የሚመጣው ነው።»

አጥር የሚጋራው ጎረቤት ይስማውም ከቤቱ ተጠርቶ መጣና ተጠየቀ። የእሱ ጎመን ከአጥሩ ወዲያ ቢጫ ሆኖ ይታያል።

«እኔ ምን አውቄ! አሠራሩን ጠይቄው ደብቆኛል» አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ከጌቱ ጥቅል ጎመን አልነቀል አለ። ቅናት እንዲህ ነው፤ ሬሳ ፊት እንኳ አያፍርም።

አመተ ማርያም ሁሉንም በርሜሉ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ጌቱ የሞተው ቅዳሜ ማታ ነው። እሑድ ሰንበት ስለሆነ ማንም ጓሮ አልወረደም። እንግዲያ ይህ ውሃ ዛሬ መግማት ነበረበት፤ አልገማም። ሰው እየተመላለሰ አማስሎታል፤ ሬሳው እግሩ ሥር ተጋድሞ። ሥራነሽ ደምበጫ ነበረች። ፈንታ መማሰሉንም አያውቅ።» ወደ ፖሊሱ ዞር አለች። «ለማንኛውም ድፋው።»

ፖሊሱ በርሜሉን ማዘንበል ሲጀምር ይስማው ዘሎ አቀፈው።

«ተው! ማታ እኮ ይደርሳል!»

አመተ ማርያም ወደ እሱ ተጠጋች።

«ዓርብ መነከሩን፣ በሦስት ቀን መድረሱን ማን ነገረዎት፣ አቶ ይስማው?»

ይስማው በርሜሉን ለቀቀ።

«በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አየሁ! እንደሱ ብሞክር አልሆን አለኝ። ሚስቴ እንኳ ጎመን የምትገዛው ከሱ ነው። ቅዳሜ እንዲያሳየኝ ለመንሁት፤ ሳቀብኝ። በማማሰያው መታሁት።»

«ከገደሉት በኋላስ ለምን ተመለሱ?»

«እንዲህ ያማረ ነገር ሲበላሽ ማየት አልቻልሁም» አለ ይስማው። «ለጎመኔ ላጠጣው ነበር።»

ካቴናው ከፈንታ እጅ ወጣ። ሥራነሽ ይቅር በለኝ ብላ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ደግፎ ያዛት።

«ተይ፣ ሥራነሽ። መጀመሪያ ወንድሜን ከመሬት እናንሣው» አላት።