ካርዱ የማያውቀው

«ፈረሱ ጋሪውን ጎተተ። ደከመ። ማን ደከመ?» ብለው ጠየቁ መምህር ወልደአማኑኤል።

ተማሪዋ የሺሃረግ «ኮምፒዩተር» ሆና ከአንሶላ በተሠራው መጋረጃ ጀርባ ካርዶቹን አገላበጠች። የጋሪው ካርድ «ወላጄ ዕቃ ነው» ይላል፤ የዕቃ ካርድ ላይ ደግሞ መድከም የለም። የፈረሱ ወላጅ እንስሳ ነው። እንስሳ ይደክማል።

«ፈረሱ!»

ለወላጆች ቀን የመጣው ሰው አጨበጨበ። ኮምፒዩተር በዓይኑ ያየ አንድም የለም፤ እውነቱን ለመናገር መምህሩም አላዩም። መጽሔት ላይ ግን አንብበዋል፦ ማሽን ቋንቋ እንዲገባው እያንዳንዱ ነገር ምን እንደሆነና ምን ማድረግ እንደሚችል ራሱ ይይዛል፤ ያላወቀውን ወላጁን፣ ማለትም የሚመደብበትን ወገን፣ ይጠይቃል። ካርዶቹን ዓመቱን ሙሉ የጻፈችው የክፍል ጓደኛዋ ጠይባ ናት። የየሺሃረግ ሥራ ማንበብ ብቻ ነው። ካርዱ ላይ ከሌለ «አላውቅም» ትላለች፤ ሕጉ ይኸው ነው።

«እኔም ልጠይቀው» አሉ የጠይባ አባት ጋሽ ሁሴኖ፣ የገበሬ ማኅበራቸውን ስብሰባ ትተው የመጡት። «ገብሱን ውርጭ መታው። ማን አዘነ?»

ገብስ ተክል ነው፤ አያዝንም። ውርጭም አያዝንም። የሺሃረግ ግን በጥቅምት የጋሽ ሁሴኖ ገብስ በውርጭ ሲቃጠል ጠይባ ክፍል ውስጥ እንዴት እንዳለቀሰች ታስታውሳለች። «አላውቅም» ለማለት አፏ እምቢ አላት።

«ገበሬው» አለች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከአውራጃው የመጡት ጓድ ገብረ መድህን ብድግ ብለው «ይሄማ አዲስ አበባ መቅረብ አለበት!» አሉ።

ጠይባ ወደ መጋረጃው ተጠጋች። «አበድሽ እንዴ?» አለች በሹክሹክታ። «ገበሬ የሚል ካርድ እኮ አልጻፍኩም!»

የሺሃረግ ፊቷ ጋለ። ደግ የሠራች መስሏት የጓደኛዋን ልፋት ማጭበርበሪያ አደረገችው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ወላሂ ገብቶታል!» ጋሽ ሁሴኖ ደስ ብሏቸው ወደ ፊት መጡ። «እስቲ ይንገረኛ፤ በመጪው ጥቅምትስ ውርጩ ይመለሳል? ገብሱን ልዝራ ወይስ ልተው?»

የሺሃረግ አሁን «አላውቅም» ብላ መገላገል ትችላለች፤ ሕጉም ይኸው፣ ማንም አይነቃባትም። ጋሽ ሁሴኖ ግን ኀዘናቸውን የተረዳው ካርዱ እንደሆነ አምነው ወደ ቤታቸው ሊገቡ ነው። ጠይባም ውሸቱን ተሸክማ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው።

የሺሃረግ መጋረጃውን ገለጠችው። የሰው ዓይን ሁሉ እሷ ላይ አረፈ፤ ቀና ማለት አቃታት።

«ጋሽ ሁሴኖ፣ ቅድም የመለሰልዎት ካርዱ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ።»