በኮዱ ውስጥ ማንም ያልጻፈው ቃል

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። ረቡዕ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ቢሮውን ሞልታው።

ፕሮግራመር ነኝ። የሕንፃችን በሮች በካርድ ነው የሚከፈቱት፤ ከውጭም ከውስጥም። ፕሮግራሙን ፒኤችፒ በሚባለው የኮድ ቋንቋ የጻፉት ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን ነበሩ።

ጋሼ የሞቱት ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ማሽኖቹ እንዳይግሉ ሌት ተቀን እንደ በረዶ የሚቀዘቅዝ ክፍል። ቅዳሜ ገቡ። ካርዱ ከውስጥ አልሠራ አላቸው።

ሰኞ አገኘናቸው።

"ከውስጥ በእጅ የሚከፈት ይሁን" ብለው አለቃችንን ስንቴ ለምነውታል። "ወጪ ነው" ይላቸው ነበር። ለቅሶው ላይ ግን ከቤተሰቡ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ፒኤችፒውን ወደ አዲሱ ስሪት እንዳሳድግ አዘዘኝ። አዲሱ ጥብቅ ነው። አንድ ክላስ፣ ማለትም ኮዱ ውስጥ አንድን ነገር የሚወክል ክፍል፣ የሚይዛቸውን ፕሮፐርቲዎች፣ የመረጃ መያዣ ስሞቹን፣ አስቀድማችሁ በግልጽ ካልጻፋችሁ ያስጠነቅቃል። የድሮው ዝም ብሎ ይቀበል ነበር።

ማስጠንቀቂያ መጣ... "በር" በሚለው ክላስ ላይ ያልተገለጸ ፕሮፐርቲ ተፈጥሯል።

ስሙ፦ በረደኝ።

ኮዱን በሙሉ አሰስኩት። የትም የለም።

እንደገና አስነሳሁት...

ስሙ ተቀይሯል፦ ክፈቱልኝ።

አለቃዬን ጠራሁት። ስክሪኑን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ማነው የሚቀልደው?"

"ማንም አልጻፈውም።"

"ክላሱ ላይ ጻፊውና ዝም ይበል።"

"ጋሼ ቢሆኑስ?"

"ጻፊው አልኩሽ።"

ጻፍኩት። ከሌሎቹ ፕሮፐርቲዎች ሥር፣ በግልጽ፣ ዋጋው፣ ማለትም ውስጡ የሚያዘው፣ ባዶ ይሁን ብዬ።

ማስጠንቀቂያው ጠፋ።

"አየሽ? ይኸው ነው" አለኝ።

ጋሼንም እንዲሁ ነበር ዝም የሚያሰኛቸው።

እጄ አላርፍ አለኝና የፕሮፐርቲውን ዋጋ ስክሪኑ ላይ አወጣሁት። ባዶ መሆን ነበረበት...

"መጣህ?" ይላል።

የአለቃዬ ፊት አመድ መሰለ። ካርዱን ይዞ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ሄደ። ተከተልኩት።

ከፍቶ ገባ...

ወዲያው ወጣ።

"ማንም የለም" አለ።

በሩ ስፕሪንግ አለው፤ ከኋላው በራሱ መዘጋት ነበረበት።

አልተዘጋም። ከኋላ ለሚመጣ ሰው እንደተያዘ ሁሉ ክፍቱን ቆመ... ከዚያ ቀስ ብሎ ገጠመ።

አለቃዬ አላየም። እየተቻኮለ ሊፍት ውስጥ ገባ። ብቻውን።

የሊፍቱ በር ሊገጥም ሲል፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል... ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀ።