በአንድ ሸራ ላይ የተሰጣው በርበሬ

ወንዳለ በሰንበት ቀን፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በገዛ ጎጆው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጎጆዋን ከቆርቆሮና ከአሮጌ ጣውላ የሠራት ራሱ ሲሆን፣ የቆመችውም የአሽዶድ ከተማ ሰፈር የሆነው የሮቫ ዩድ ዛይን የመጨረሻ ፎቆች ከአሸዋው ጋር በሚዋሰኑበት ጠርዝ፣ በአትክልት ቦታው መካከል ነበር። ማጅራቱ ላይ ደም ረግቷል፤ ከጎኑ በርበሬ የሚወቅጥበት ዘነዘና ተጋድሟል። ሐኪሙ አጎንብሶ ብዙ ቆየና ላቡን እየጠረገ ተነሣ።

«ይህ ቆርቆሮ ምድጃ ነው» አለ። «ትናንት ከቀትር በኋላ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ረፋድም ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን የሚለየው አስከሬኑ ሲከፈት ብቻ ነው።»

«ማንም ቢላ አያስነካውም!» የሚል ድምፅ ከደጅ መጣ።

መርማሪዋ ናዓማ ውቤ ዘወር አለች። በበሩ ትይዩ ነጭ ለብሳ የቆመችው የሟቹ ታላቅ እኅት የሻረግ ነበረች። ሬሳውን ያገኘችው እርሷ ናት። ሰንበት ነውና ስልክ አትነካም፤ ጩኸቷን ሰምቶ ለሚሽታራ፣ ለፖሊስ፣ የደወለው ከአትክልት ቦታው በላይ ባለው ፎቅ የሚኖረው ኮቢ ነው።

«ያጽናዎት፣ እማማ የሻረግ» አለች ናዓማ፤ የማስታወሻ ደብተሯንም አወጣች።

«በሰንበት ትጽፊያለሽ?»

«ሥራዬ ነው።»

«ደሞ ናዓማ ያለሽ ማን ነው? እናትሽ ጸሐይነሽ ብላ ነበር የምትጠራሽ፤ አውቃታለሁ። በይ ደብተርሽን ክተቺና ሂጂ ተናኜን ያዢ።»

ናዓማ ደብተሯን አልከተተችም። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ከአውሮፕላን ስትወርድ ስሟን ወደ ናዓማ የቀየረችው መዝጋቢ ጸሐፊ እንኳ ከዚህ ለስለስ ባለ ድምፅ ነበር ያነጋገረቻት። «ለምን ተናኜን?» አለች።

የሻረግ ከጎጆዋ ፊት ለፊት ወደተዘረጋው ሸራ ጠቆመች። ሸራውን ቀይ የበርበሬ ዛላ ሸፍኖታል።

«ወንድሜ በሰንበት በርበሬ ደጅ አሳድሮ አያውቅም። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለቅሞ በጆንያ ያስገባል፤ ሰንበት ከገባ ማንሳቱም ማስጣቱም ሥራ ነው። ይኸው እንደተሰጣ ቀርቷል። እንግዲህ ሳይለቅመው ገድላዋለች። ትናንት ከቀትር በኋላ እዚሁ ቆማ ስትጮኽበት ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

ነገሩ አሳማኝ ነበር። ወንዳለ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሚኖር፣ የሚጸልየውም በቤቱ ብቻውን የሆነ ሰው ነውና ዓርብ ማታ አለመታየቱ ማንንም አላሳሰበም። ተናኜ ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት ከአገር ቤት የመጣች፣ ጊዩር በሚባለው ወደ አይሁድነት የመግቢያ ሥርዓት ወደ አያቶቿ ሃይማኖት የተመለሰች መበለት ናት። የአትክልት ቦታውን እኩሌታ የምታለማው እርሷ ነበረች። ዓርብ ዓርብ ሁለቱም ሥጋ ይዘለዝላሉ፣ ጨውና በርበሬ ያሻሉ፣ ቋንጣ ይሰቅላሉ። ነገር ግን ወንዳለ የሚያደርቀው የማኅበራቸው ቄስ ያረደውን ብቻ ስለነበረ፣ የእርሷ ሥጋ ደግሞ ከሌላ አራጅ ስለሚመጣ፣ የተናኜ ቢላ በገመዱ አጠገብ እንኳ እንዲያልፍ አይፈቅድም። ስለዚህ በአንዲት ጎጆ ውስጥ ሁለት ሙቀጫ፣ ሁለት ገመድ፣ ለጆንያ መስቀያም ሁለት ምስማር ነበረ። ስድስት ዓመት እንዲህ ጎን ለጎን ኮተኮቱ።

ናዓማ ጓንት አጥልቃ ከሸራው አጠገብ ተንበረከከች። አንድ ዛላ አንሥታ በጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው፤ ፍሬው ተንኮሻኮሸ። አጠገቡ ደጅ ያደረ የፕላስቲክ ወንበር አለ፤ የሌሊቱ ጤዛ አሸዋ አጣብቆበት ደርቋል። ሸራው ላይ ግን የአሸዋ ቅንጣት የለም። ቀጥላ ሌላ ዛላ አነሣች፤ የመጀመሪያው ቀጭንና ረጅም ነበር፣ ይህኛው አጭርና ሰፊ ነው። ሁለቱ ዓይነት ከዳር እስከ ዳር ተደባልቀዋል። ወደ ጎጆዋ ገብታም ሁለቱን ምስማሮች አየች። ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ ጆንያዎቹ መሬት ላይ ተጥለዋል።

ከዚያ ዶሮዎቹን ተመለከተች። በበለሱ ሥር ይጭራሉ። የቤታቸው መወርወሪያ በውጭ በኩል ነው፤ ተከፍቷል። በአጥሩ ሥር የቀበሮ ዱካ አለ፤ የወደቀ ላባ ግን አንድም አላየችም።

ኮቢ ከሰገነቱ ሆኖ በዕብራይስጥ ጮኸ፦ «እኔን የማትጠይቂኝ ለምንድን ነው? አውራ ዶሮውን አንድ ቀን አንገቱን እጠመዝዘዋለሁ ብያለሁ። ጻፊው!»

«ጽፌዋለሁ። ትናንት ሌሊት ጮኾ ነበር?»

«ተዘግቶበት ሲጮኽ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ያንን ለምጄዋለሁ። ዛሬ ግን ገና በማለዳ መስኮቴ ሥር ነበር። በሻባት! የማረፊያ ቀኔ ነው እኮ!»

«በርበሬውንስ መቼ አየኸው?»

«እኔ ምኑን አውቄ? እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ ቀይ ነገር መሬት ላይ ይበትናሉ።»

ናዓማ ይህንንም ጻፈችና አመሰገነችው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም አዳነ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ዓይኖቹ ቀልተው አብጠዋል፤ በእርጥብ መሐረብ ደጋግሞ ያብሳቸዋል።

«ጋሼ አዳነ፣ ትናንት ከቀትር በኋላ የት ነበሩ?»

«ሚሽመረት ላይ፤ የጥበቃ ተራዬ ነበር። ሰንበት ሊገባ እስኪቃረብ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ቦርሳ ስፈትሽ ነበር። ዐሥር ሰው ይመሰክርልኛል።»

«ዛሬስ?»

«አሞኝ ተኝቼ ዋልሁ፤ ሚስቴ ጸሎት ቤት ነበረች። ዛሬን ምን አመጣው? የሞተው ትናንት ነው።»

«በርበሬውን በማስጣት ያግዟቸው ነበር?»

«ዘንድሮ በእጄም አልነካሁት። የእኔ ሥራ ቋንጣውን ሮቫ ሄ ላሉት ደንበኞች ማድረስ ነው።» መሐረቡን ዓይኑ ላይ ጫነው። «እዚህ ከምታደርቂኝ ያችን ሴትዮ አስመጪያት።»

ተናኜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሰች። ከሮቫ ዛይን በእግሯ ነበር የመጣችው፤ የፖሊሱ መኪና እንደ በሬ እያዘገመ ይከተላታል። «አልሳፈርም አለች» አለ ነጂው ተሰላችቶ።

«ሰንበት አልወጣማ» አለች ተናኜ። ከትናንት ማታ ጀምሮ በልጇ ቤት ነበረች፤ ዛሬ የልጅ ልጇ ተገርዟል።

የሻረግ ጀርባዋን ሰጠቻት። «አሁን ደሞ ሰንበት ታስተምረናለች!»

«እትዬ ተናኜ፣ ትናንት ያጣላችሁ ምንድን ነው?» አለች ናዓማ።

«የእኔን ሥጋ በእሱ ቋንጣ ጆንያ ውስጥ አገኘው። እኔ ወፈር አድርጌ ስለምዘለዝል ያውቀዋል። ‹አረከስሽኝ› አለኝ። ‹ስድስት ዓመት ገመድህን ነክቼ አላውቅም፤ ወንድምህን ጠይቅ፣ ከእኔ ገመድ ሲያወርድ ሐሙስ ዕለት አይቼዋለሁ› አልሁት። በርበሬዬን በጆንያዬ ሰቅዬ ወጣሁ።»

«ይህን ለምን እስካሁን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም የጠየቀኝ ለምን ገደልሽው እያለ ነው።»

አዳነ ምራቁን ተፋ። «ውሸታም! ዛሬውኑ እሰሪያት፣ አንቺ ልጅ!»

ናዓማ ሁሉንም በበለሱ ሥር ሰበሰበቻቸው፤ ኮቢንም ከሰገነቱ አስወረደችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አባ ወንዳለ ትናንት ከቀትር በኋላ ሞተው ቢሆን ኖሮ፣ የዶሮዎቹን በር ማን ይዘጋ ነበር? ቀበሮ በአጥሩ ሥር ይዞራል። ዶሮዎቹ ውጭ ቢያድሩ ዛሬ ላባቸውን ነበር የምንለቅመው። ኮቢ ሌሊቱን የታፈነ ድምፅ፣ ማለዳ ደግሞ በመስኮቱ ሥር ጩኸት ሰምቷል። በሩን ማታ የዘጉት፣ ጠዋት የከፈቱትም አባ ወንዳለ ናቸው፤ እንስሳ መመገብ ሰንበትን አይሽርም።»

«በርበሬውስ?» አለች የሻረግ።

«ደጅ ቢያድር ጤዛው ባለሰለሰው፣ እንደዚያ ወንበርም አሸዋ በለበሰ ነበር። እርሱ ግን ይንኮሻኮሻል። አባ ወንዳለ ትናንት ለቅመው አስገብተውታል። ዛሬ፣ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ፣ አንድ ሰው መልሶ አሰጣው፤ ዓርብ እንደ ሞቱ እንድናምን።»

አዳነ መሐረቡን መልሶ ዓይኑ ላይ ጫነ።

«ይህን ያሰበ ሰው የአባ ወንዳለን የዓርብ ልማድ ያውቃል፤ ስለዚህ ኮቢ አይደለም። እትዬ ተናኜም አይደሉም፤ ሞቱ ዓርብ ሆነ ቢባል የሚወነጀሉት እርሳቸው ናቸው፣ ዛሬ ደግሞ ግዝረት ላይ ነበሩ። እማማ የሻረግ፣ አንቱ እዚህ ሸራ ላይ ምን ያያሉ?»

የሻረግ ቀረብ ብላ አጎነበሰች። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። «የእኛ… የእኛና የእሷ ተደባልቋል» አለች።

«አንቱ ይህን ያደርጉ ነበር?»

«እጄ ይቆረጥ!»

«እትዬ ተናኜም አያደርጉትም፤ ስድስት ዓመት በሁለት ምስማር የኖሩ ሴት ናቸው። ሁለቱን ጆንያ ያለ ሐሳብ በአንድ ሸራ ላይ የሚደፋ ሰው፣ መለየቱን ከተወ የቆየ ሰው ነው። የሁለቱን ገመድ ሥጋ በአንድ ጆንያ የሚሞላም እርሱ ነው።» ናዓማ ወደ አዳነ ዞረች። «ጋሼ አዳነ፣ ዘንድሮ በርበሬ በእጅዎ ካልነኩ ዓይንዎን ያቃጠለው ምንድን ነው?»

አዳነ መሐረቡን ከዓይኑ አነሣ፤ ጣቶቹን አየ። ከጥፍሮቹ ሥር ቀይ ብናኝ ነበረ። ፖሊሱ እጁን ያዘው።

«ያው ሥጋ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ያው የበሬ ሥጋ! የእሱ ብቻ ለደንበኞቹ አልበቃ ሲል ከእሷ ጨመርሁበት። ሰው ሲበላው አንድም ቀን አልለየውም። እሱ ግን ጠዋት ስመጣ ‹ሰንበት ሲወጣ በጉባኤው ፊት አቆምሃለሁ፤ ያበላሃቸውን ሁሉ ትነግራቸዋለህ› አለኝ። ከዚያ በኋላ ማን ከእኔ ቤት ይበላ ነበር? ማን ልጄን ያገባት ነበር? የሻረግ፣ አንቺ ራስሽ ደጄን ትረግጪ ነበር?»

የሻረግ መኪናው እስኪርቅ ድረስ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ቆመች።

ሸራው ፎቶ ተነሥቶ፣ ከበርበሬውም ናሙና ተወሰደ። ተናኜ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፤ አልነካችውም። ሦስት ኮከብ በባሕሩ በኩል ታይቶ ሰንበት ሲወጣ እጅጌዋን ሰብስባ መልቀም ጀመረች፤ አጭሩን ወደ ራሷ፣ ረጅሙን ወደ ማዶ።

የሻረግ ብዙ ቆይታ ከማዶ ተቀመጠች። አንድ ዛላ አንሥታ፣ ቀና ብላ ሳታይ፣ ወደ ተናኜ ዘረጋች። «ይህ ያንቺ ነው» አለች።

ተናኜ ተቀብላ ከፎቁ በሚመጣው መብራት አየችው።

«አይደለም» አለች፤ ከረጅሞቹም ክምር ላይ አኖረችው። «ይህ የወንዳለ ነው።»