ሁለት ባሩድ በአንድ ጠረጴዛ

ኤምሪ ስቶዳርድ ከጎተራው ጀርባ፣ ራሱ በሠራው የመተኮሻ ጠረጴዛ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ነበር። ጠመንጃው ከመቀርቀሪያው ላይ ተሰንጥቋል፤ ሰደፉ ለብቻው በረዶው ላይ ወድቋል። ማዶ የተሰቀለው የወረቀት ዒላማ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልነበረውም።

የኤልክ፣ የትልቁ አጋዘን፣ አደን ሊከፈት ጥቂት ቀን ቀርቶታል። በዚህ ወቅት ኮልድ ፎርክ ከተማ ውስጥ የማይተኩስ ሽማግሌ ካለ ታሞ የተኛ ነው። ስለዚህ የሸሪፉ ምክትል ሬሳውን እንዳየ «አደጋ ነው» ብሎ ነገሩን ለመዝጋት ቸኮለ። መርማሪ ቬርና ኦስትበርግ ግን ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጥይት ሳጥን ለረጅም ጊዜ አየችው። አባቷ ቀለህ ሲሞላ አጠገቡ ተቀምጣ ያደገች ሴት ናት፤ ያየችው ነገር አላማራትም።

ኤምሪ የሱቅ ጥይት ገዝቶ አያውቅም። የተተኮሰ ቀለህ ሰብስቦ ያጥባል፣ ባሩድ ሰፍሮ ይሞላል፣ አረር ይገጥምበታል። ለጠመንጃው የሚስማማውን ልክ ለማግኘት ባሩዱን ከትንሹ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ ያዘጋጅና በዚያው ቅደም ተከተል ይተኩሳል። ሳጥኑ ውስጥ የጎደለው የመጀመሪያው ጥይት ብቻ ነበር። ሽማግሌውን የገደለው ከሁሉ ደካማው መሆን የነበረበት ጥይት ነው።

ልጁ ዊላ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ባሏ ግራንት ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ ትከሻዋን ይዟታል። ቺካጎ ውስጥ ቢሮ የነበረው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው፤ ሽማግሌውን ለመርዳት ብለው በጸደይ ወደዚህ ቤት ገብተዋል። ቬርና ስትጠይቀው ስለ መሣሪያ አንድም ነገር እንደማያውቅ ነገራት።

«ባሩድ ከቁንዶ በርበሬ አልለይም» አለ ፈገግ ብሎ። «ጎተራ ውስጥ ያለውን ዕቃም ነክቼ አላውቅም።»

ጎረቤት የተጋገረ ድንች በሳህን ይዞ በሩን ሲያንኳኳ ግራንት ሊቀበል ወጣ። ዊላ ያን ጊዜ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

አባቷ ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው የባሩድ ጣሳዎቹን ጽሑፍ የምታነብለት፣ የባሩድ መስፈሪያውንም የምትሞላለት እሷ ነበረች። ዓርብ ከሰዓት አብረው ሠሩ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እሱ ጎተራ ሳይገባ ሳጥኑን ወደ መተኮሻው ያመጣችለት እሷው ናት። ተሳስታ ከቁምሳጥኑ የሽጉጥ ባሩድ አንስታ መሆን አለበት። የሽጉጥ ባሩድ ፈጣን ነው፤ የጠመንጃ ቀለህ ሙሉ ከሆነ ብረት ይቀድዳል።

«የባሩድ ስህተት ነው ያለሽ ማነው?»

«ግራንት። ፍንዳታውን ሰምተን ስንሮጥ፣ ገና አባዬን ሳልነካው እቅፍ አደረገኝና ‹የትኛውን ጣሳ እንዳነሳሽ ለማንም እንዳትናገሪ፤ እኔ አለሁልሽ› አለኝ።» እጆቿን እንደ ሰው ዕቃ አየቻቸው። «ያለ እሱ እኮ አሁን እስር ቤት ነበርኩ።»

ቬርና ተነስታ ወደ ጎተራው ሄደች።

ጎተራው ውስጥ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። መስፈሪያው በጠመንጃ ባሩድ እንደተሞላ ነው፤ ያው የጠመንጃ ባሩድ ጣሳም አጠገቡ ቆሟል። ሌላ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ የለም። በዚህ ሥራ ከጸሎት ይበልጥ የሚከበር ሕግ አለ፦ ሁለት ባሩድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። የሽጉጡ ባሩድ ቁምሳጥን ውስጥ ክዳኑ ጠብቆ ተቀምጧል። መስኮቱ ላይ የአበባ ማሰሮ አለ። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ረግቷል፤ ከላዩ ላይ ግን አንድ ቁንጥር የሚሆን ጥቁር ዘንግ ዘንግ ቅንጣት ተበትኗል። የጠመንጃ ባሩድ ነው። ቬርና ጎንበስ ብላ አየችውና ፊቷ ጠቆረ።

ምክትሉ ግን አሁን ሌላ ሰው ይዟል፤ ሃርላን ቦይድን። ሃርላን የኤምሪ የዘመናት ጓደኛ ነው፤ ባለፈው ዓመት አንድ ኤልክ «እኔ ነኝ የመታሁት»፣ «የለም እኔ ነኝ» ተባብለው እስከዚህ ሳምንት አልተነጋገሩም። ቀለህ መሙላት ያውቃል። ዓርብ ቀትር ላይም መኪናው እዚህ ግቢ ታይቷል።

«ልታረቀው ነው የመጣሁት» አለ ሃርላን፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ብጠላው ፊት ለፊት ነበር የምሰድበው፤ ሰድቤዋለሁም። ያን ቀን ተሳሳቅን። አደኑ ሲያልቅ አማቹ ከዚህ ቤት ይወጣል፣ ዊላ ትቀራለች አለኝ። ልጂቱ ራሷ ናት ‹አባዬ፣ ከሱ አድነኝ› ያለችው።»

«ይህን ሲነግርዎት ማን ነበር?»

«ማንም። ግራንት ከግድግዳው ውጪ እንጨት ይከምር ነበር።»

ከቀብሩ በኋላ ቬርና ሁሉንም ጎተራ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ውጪ ነፋሱ ቆርቆሮውን ይመታል። ዊላ በጥቁር ልብሷ፣ ግራንት አጠገቧ፣ ሃርላን ምድጃው ጋ ተቀመጡ። ሃርላንን ምንም ቢያይ ከወንበሩ እንዳይነሳ፣ ቃልም እንዳይተነፍስ አስቀድማ አስጠንቅቃዋለች። ምክትሉ በሩ ላይ ቆመ። ቬርና ሁለት ጣሳ አመጣች፤ አንዱ የጠመንጃ፣ አንዱ የሽጉጥ። ሁለቱንም ከፍታ ግራንት ፊት ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸውና መናገር ጀመረች።

«የቀሩትን ጥይቶች ፈታሁ» አለች። «ሁሉም ውስጥ ያለው የጠመንጃ ባሩድ ነው። ከተሰነጠቀው ብረት ያወጣነው ያልተቃጠለ ቅንጣት ግን የሽጉጥ ነው። ዊላ መስፈሪያውን በስህተት ሞልታው ቢሆን ሁሉም በተበላሹ ነበር።»

«መስፈሪያው ውስጥ የቆየ ትራፊ ቢኖርስ?» አለ ምክትሉ።

«ሃርላንን ጠይቀው። ኤምሪ መጀመሪያ የሰፈረውን ባሩድ ቀለህ ውስጥ አይጨምርም፤ መልሶ ይገለብጠዋል። ስለዚህ አንዲቷን ጥይት ሰው ፈትቷታል። አረሩን አወጣ፣ ባሩዱን ደፋ፣ በሽጉጥ ባሩድ ሞልቶ መልሶ ገጠማት። የደፋውንም ወደ ጣሳው አልመለሰውም፤ ከቀለህ የወጣ ባሩድ ማዳበሪያ ስለሚሆን አበባ ላይ ነው የሚደፋው። ይህን የሚያደርግ የተማረ እጅ ነው። ዊላ፣ አበባውን መቼ አጠጣሽው?»

«ዓርብ ማታ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ኳስ ጨዋታ ልሄድ ስል።»

«ቅንጣቱ የተበተነው ከረጋው አፈር በላይ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ነው። ጨዋታው ላይ ሃርላን ዳኛውን ሲሰድብ መላው ከተማ ሰምቷል። ኤምሪ ተኝቷል። እርስዎስ ግራንት?»

«ራሴን አሞኝ ቤት ነበርኩ። ግን እንዳልኩዎት እኔ እነዚህን ነገሮች…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ሁሉም እጁን እያዩ ነበር። ግራንት እየተናገረ የሽጉጡን ባሩድ ክዳን አጥብቆ ዘግቶ፣ ጣሳውን ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ ቁምሳጥኑ ሊያስገባ እጁን ዘርግቷል። ሃርላን ምድጃው ጋ ሆኖ ትንፋሹን ለቀቀ፤ እሱም ጣሳውን ለማንሳት እጁ ሲበላው ነበር። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይላሉ፤ ይኸኛው እጅ ከፍንጅ አስያዘ።

«ማን አስተማረህ?» አለች ቬርና። «አንቱታው» እዚያ ላይ አለቀ።

ግራንት ጣሳውን በዝግታ መልሶ አስቀመጠ። «አባቴ» አለ።

«ባሩድ ከቁንዶ በርበሬ ትለያለህ ማለት ነው። ጠመንጃ በብዙ ምክንያት ይፈነዳል፤ አፈሙዙ ጭቃ ቢጎርስም ይፈነዳል። ባሩድ ነው ያልከው ግን አንተ ነህ፣ ማንም ሳይመረምረው፣ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ። ቁምሳጥኑ ውስጥ ከነበረው የሽጉጥ ባሩድ ጣሳ ክዳን ውስጥ በኩልም የጣትህን አሻራ አስቀድመን አግኝተናል። ዊላን ሊወስድብህ የነበረውን ሰው ገደልክ፣ በደሉን ደግሞ በእሷ ላይ ጫንክ። አባቷን የገደለች የመሰላት ሴት ከምስጢር ጠባቂዋ አትለይም ብለህ ነው።»

ግራንት ወደ ሚስቱ ዞረ። ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነበር። «ለማንም አልነግርብሽም ነበር እኮ፣ ዊላ። ዕድሜ ልኬን እንከባከብሽ ነበር።»

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ከልቡ ነበር። ምክትሉ በካቴና ሲወስደው ዊላ አላየችውም።

በሩ ሲዘጋ ዊላ፣ «ሳጥኑን በገዛ እጄ ነው ያመጣሁለት» አለች።

ቬርና ልትዋሽላት አልፈለገችም። «አዎ፣ አንቺ ነሽ።»

ሃርላን ከምድጃው ተነስቶ መጣ። የተፈቱት ጥይቶች ባሩድ በየራሱ ብልቃጥ ተቀምጧል። አንዱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው፣ ጠረጴዛው ላይ ባለው የባሩድ ሚዛን ላይ ገለበጠው፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን።

«ነይ እዪ፣ ልጄ» አላት። «አባትሽ ዓይኑ ሳያይ ያመነው የአንቺን እጅ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ጭማሪው እኩል ነው፤ አንዱም አልተዛነፈም።»

ዊላ ሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብላ አየች። ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ሳይሆን ለአባቷ አለቀሰች። ሲበቃት መስፈሪያውን አውርዳ የቀረውን ባሩድ ወደ ጠመንጃ ባሩዱ ጣሳ መለሰችና ክዳኑን አጠበቀችው።