የዋንዛው በር አወዳደቅ

ባልቻን የገደለው እሱ ራሱ የሠራው በር ነው። በሩን ያዘዘው ነጋዴ አቶ ፊልጶስ፣ «ደረሰልኝ ወይ?» ሊል ወልቂጤ ወደሚገኘው እንጨት ቤት ማልዶ ሲገባ፣ ከበሩ ሥር የወጡ ሁለት እግሮች አየ። ያ ሁሉ የሚያምር ዋንዛ፣ እንደ ውሃ ሞገድ የሚታጠፍ መልኩን ወደ ታች ደፍቶ ሰውየውን ተጭኖታል።

ወሬው እማማ ወለተ ሐና ጆሮ ሲደርስ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ መጀመሪያ ያሰቡት ስለ ሟቹ አልነበረም። «ልጄ ገመዱን ረስታው ይሆን?» አሉ በልባቸው። የባልቻ ሕግ አንድ ነበር፤ የቆመ በር ከምሰሶው ጋር ሳይታሰር አይታደርም። በሩን የምትቀባውም የምታስረውም ደግሞ እዚያው የምትሠራው የልጅ ልጃቸው ማርቲ ናት። ማርቲ እንደሆነች መርሳት ታውቅበታለች፤ ድስት እሳት ላይ ትረሳለች፣ ዣንጥላ ሚኒባስ ላይ ትረሳለች።

መርማሪው ኢንስፔክተር ሸረፋ እንጨት ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኛቸው። ማርቲም እጀታ ልትገዛ በጎህ ከሄደችበት ከቡታጅራ ተጠርታ መመለሷ ነው።

«እማማ፣ ማርቲ ትናንት አመሻሽ ላይ የት ነበረች?»

«ቤት! ከእኔ ጋር። ከምሳ በኋላ ንቅንቅ አላለች።»

«ወላሂ? ጣቶቿ ላይ ያለው ቫርኒሽ ታዲያ ከሽሮው ነው?»

«እምዬ፣ ተይ እንጂ!» አለች ማርቲ ፊቷ ቀልቶ። «አመሻሽ ላይ የበሩን ፊት ቀብቼ፣ አስሬው ወጣሁ። ጋሽ ባልቻ ደህና ነበር።»

«ከእሱ ጋር ተጨቃጭቃችኋል አሉ» አለ ሸረፋ።

«የመሃሉን ጣውላ አውጪው አለኝ። መልኩ ግራና ቀኝ እንዲገጥም ስንት የለፋሁበትን! ለምን ስለው፣ ‹ይህን ዛፍ አውቀዋለሁ› ብቻ አለኝ።»

ከጓሮው ክፍል የሚኖረው የሟቹ ታናሽ ወንድም ይትባረክ ጣልቃ ገባ። የበሩን ዋንዛ ግንድ ያመጣው እሱ ነበር። «ምን ያንዛዛዋል? ትናንት እሷ እንደወጣች ዷ! ሲል ሰምቻለሁ። ወንድሜ ጣውላ ያወረደ መስሎኝ ተውኩት። አላሰረችውም፣ አለቀ!»

ሸረፋ ወደ ውስጥ ገባ። ፖሊሶቹ መልሰው ያቆሙትን በር በመዳፉ ዳሰሰ፣ ጠርዙ ላይ ጎንበስ አለ። መሃል ጣውላው ላይ፣ ጥቁር ቀለበት የመሰለ የብረት ጠባሳ አጠገብ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወጥቶ፣ «ማርቲ እስክመለስ ጣቢያ ትቆይ» አለ።

እማማ ወለተ ሐና መንገዱን ዘጉበት። «እኔን እሰረኝ! የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

«ውሸትዎ ነው እኮ የሚያሳስራት፣ እማማ» ብሏቸው ሄደ።

በማግስቱ ሁሉንም በሩ ፊት ሰበሰባቸው። ማርቲን በፖሊስ አስመጥቶ ብሩሽ ሰጣት።

«እስቲ ይህችን ቁራጭ ቀቢልኝ። ለመድረቅ ምን ያህል ይፈጃል?»

«ሌሊቱን ካላደረ አይደርቅም።»

ሸረፋ እርጥቡን ቁራጭ ወለሉ ላይ ደፍቶ አነሳው። ሰጋቱራ እንደ ጠጉር ለብሶ ተነሳ።

«ይትባረክ፣ በሩ የወደቀው ማርቲ እንደወጣች ነው ያልከው?»

«በጆሮዬ ሰምቼ!»

«እንግዲህ በሩን እዩት። ፊቱን ደፍቶ እዚሁ ሰጋቱራ ላይ፣ የሱፍ ኮት በለበሰ ሰው ላይ ነው የወደቀው። አንዲት ቅንጣት ይዟል? አንዲት ክር? መስታወት ነው! ከደረቀ በኋላ፣ ጠዋት ነው የወደቀው። ጠዋት ማርቲ የት ነበረች? የቡታጅራውን ሚኒባስ ረዳት ጠየቅኩት። ‹ዣንጥላዋን ረስታ የወረደችው? ይኸው ዣንጥላዋ!› አለኝ።»

«ጠዋት የነበርኩት እኔ ነኝ እኮ!» አለ አቶ ፊልጶስ ደንግጦ።

«ነበሩ። ግን ያልወደቀ በር ሲወድቅ የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው። ማርቲ በጎህ መሄዷን ስላወቀ፣ አወዳደቁን እሷ ወዳለችበት አመሻሽ ጎተተው።»

«እሺ ጠዋት ይሁን!» ጮኸ ይትባረክ። «ካልታሰረ ራሱ አይወድቅም?»

«ታስሯል። ጠርዙን እዩ፤ በችኮላ እርጥቡ ቫርኒሽ ላይ ስላሰረችው የገመዱ ጥለት ታትሞ ደርቋል። ገመዱም አልተበጠሰም፤ በእጅ ተፈቷል።» ሸረፋ ጣቱን ጥቁሩ ቀለበት ላይ አሳረፈ። «ትናንት ቸሃ፣ የአባታችሁ መንደር ነበርኩ። ለቅሶውም ሰርጉም በሚሰበሰብበት በዚያ ሰፊ የሣር መንገድ፣ በጀፎረው ዳር፣ የዋንዛ ጉቶ አለ። በእንሰት ቅጠል ተሸፍኗል። ሽማግሌዎቹ እንደነገሩኝ አባታችሁ በቅሎውን የሚያስርበት የብረት ቀለበት ግንዱ ውስጥ ሰምጦ ቀርቶ ነበር። ይኸው ምልክቱ፤ ግንዱን ያመጣኸው ደግሞ አንተ ነህ። የጀፎረ ዛፍ የቆረጠ ምን እንደሚጠብቀው እኔ አልነግርህም።»

ይትባረክ የመላጊያ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ። ድምፁ ሲወጣ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«‹ዛሬውኑ ሄጄ ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ› አለ ወንድሜ። ለመንኩት። ከሰው ቢለዩኝስ? ስሞት ማን ይቀብረኛል? ጣውላውን ሊነቅል ጎንበስ ሲል... ገመዱን ፈታሁት። በሩን ገፋሁበት።»

አቶ ፊልጶስ አማተበ። ይትባረክን ይዘውት ሲወጡ ደጅ የቆመው ለቀስተኛ መንገድ ለቀቀለት፤ አንድም ሰው ስሙን አልጠራም።

ማርቲ ወደ አያቷ ዞረች። «እምዬ፣ ለምን ዋሸሽ? ሳላስረው እንደማልወጣ እያወቅሽ። አላመንሽኝም ነበር?»

እማማ ወለተ ሐና ወደ በሩ ሄዱ፤ የታተመውን የገመድ ጥለት በጣታቸው ዳር እስከ ዳር ተከተሉት። ከዚያ ገመዱን አንስተው ከምሰሶው ጋር ማሰር ጀመሩ። ቋጠሮው ግን አልይዝ አላቸው።

«ነይ» አሉ ሳይዞሩ፣ «አንቺ እሰሪው።»