አምስተኛው አምባዛ

አቶ ፈይሳ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ከረባታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቤተሰቡን ምሳ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበው አንድ ከባድ መግለጫ ሰጡ፤ የአኳሪየሙ ውሃ ትናንት ተቀይሯል፤ በውስጡም ፍጹም ሰላም ሰፍኗል።

ማንም አላጨበጨበም። ልጃቸው ሚልካ የአኳሪየሙን መስታወት እያየች ነበር። አሸዋው ላይ ነጠብጣብ ያለባቸው ትንንሽ አምባዛዎች ጢማቸውን እያወዛወዙ ፍርፋሪ ይለቅማሉ። አራት ነበሩ፤ ከሐሙስ ጀምሮ ሦስት ናቸው። አጠገባቸው አምስተኛው ተጋድሟል፤ ሦስቱ ቢደመሩ እሱን አያህሉም።

አምስተኛውን ያመጣላት ታላቅ ወንድሟ ጋሮምሳ ነው፤ ለአሥራ አራተኛ ዓመት ልደቷ። አዲስ አበባ ካለ የዓሣ ሱቅ እንደገዛው፣ ዘሩም ያው የትንንሾቹ እንደሆነና ከዚያ በላይ እንደማያድግ በዝርዝር አስረድቶ ነበር። ዓሣው ግን ይህን ማብራሪያ አልሰማም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሚልካ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቆቃ ሐይቅ ዓሣ የሚሸጥ ሰው ጋ ክንድ የሚያህል አምባዛ አየች። ፊቱን ወዲያው ለየችው፤ ቁርጥ የአምስተኛው ፊት ነበር።

አራተኛው ሲጠፋ እናቷ ወይዘሮ ዘርፉ ከድንጋዩ ኋላ ተደብቆ ይሆናል አሉ። አባቷ ከሥር የሚኖር ዓሣ በተፈጥሮው ዓይን አፋር ነው አሉ። ጋሮምሳ ተነሥቶ ዕቃ አጠበ። ሚልካን ያስፈራት ይሄ ነው።

ማታውኑ ጓዳ ያዘችው።

«ጋሮ፣ እውነት ከሱቅ ነው? ሚልካ ትሙት በል።»

«እኛ ቤት መሐላ የለም፣ ረሳሽው?» አለ፣ በድንገት መንፈሳዊ ሆኖ።

ለአባቷ ብትናገር ወንድሟን ታዋርዳለች። ዝም ብትል ሦስቱም ያልቃሉ። ይኸው ሦስት ቀን ዝም ብላለች።

አቶ ፈይሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። «ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ ማዕድ እናመሰግንሃለን። በዚህ ቤት ትልቁና ትንሹ በፍቅር እንዲኖሩ ስለረዳኸን...»

ሚልካ አንድ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። አምስተኛው አፉን ከፈተ፤ ከትንንሾቹ አንዱ እስከ ወገቡ ገባ። ነጠብጣብ ጅራት ከከንፈሩ ውጭ ተወራጨ።

«ውይ፣ ዋጠው!» አሉ ወይዘሮ ዘርፉ።

«ትፋው እንጂ፣ አንተ!» አለ ጋሮምሳ።

«ያ ዋቃዮ!» ብለው አቶ ፈይሳ በኦሮምኛ አምላካቸውን ጠሩ። «ትንሹ እሾህ አለው፤ አይወርድለትም!»

አልወረደለትም። ራሱን ሁለት ጊዜ ነቀነቀና ተፋው። ትንሹ ተንገዳግዶ አሸዋው ላይ አረፈ፤ ጥቂት ቆይቶም ምንም እንዳልተፈጠረ ፍርፋሪውን መልቀም ቀጠለ።

በጸሎቱ መሃል ዓይኑን ጨፍኖ የነበረ አንድም ሰው እንዳልነበረ ሁሉም እኩል ገባቸው።

«የቆቃ ነው» አለ ጋሮምሳ ሳህኑን እያየ። «አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው የሰጠኝ።»

ሚልካ ተነሥታ ቢጫውን ባልዲ አመጣችና ከወንበሩ አጠገብ አስቀመጠችለት።

«ብላ» አለችው። «ከምሳ በኋላ አብረን እንመልሰዋለን።»

«አሜን» አሉ አቶ ፈይሳ።