የከንቲባው ሽልማት

«ዓይንህ የት ነበር?» አለው ብስክሌት ጠጋኙ አባቷ ዳቦ አድራሹን፣ የተጣመመውን የብስክሌት ቸርኬ በጣቱ እያሽከረከረ። «ጉድጓድ እንደሆነ አይደበቅም። የሚያንቀላፋው ነጂው ነው።»

ልጅቷ ሰንሰለት እያጸዳች ነበር። ብሩሹ እጇ ላይ ቀረ።

አምና ይኸው ሰውዬ መታጠፊያው ላይ ያለው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲመጣ አባቷ፣ «አንተ ምን አደረግህ ወንድሜ፤ ጥፋቱ የከንቲባው ነው» ብሎት ነበር። ቸርኬውን ከጥገና ቤቱ በር በላይ ከተመታው ሚስማር ላይ ሰቀለው። «ያንቺ ጽሑፍ ያምራል» ብሎም ካርቶን ላይ «የከንቲባው ሽልማት» አስጻፋት። ከዚያ ወዲያ ጉድጓዱ ያጣመመው ቸርኬ ሁሉ እዚያ ይሰቀል ጀመር። መንገደኛው እየሳቀ ያልፋል።

ከዚያ ምርጫ ሆነ። አባቷ የሚደግፈው ፓርቲ አሸነፈ፣ ከንቲባውም ተለወጠ። በማግስቱ ቸርኬዎቹ ወረዱ፤ ካርቶኑ ከአሮጌ ጎማዎቹ ኋላ ተወሸቀ። ጉድጓዱ ብቻ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ዳቦ አድራሹ ብስክሌቱን እዚያው ትቶ ባዶ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ እያነከሰ ሄደ።

ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ብቅ አለች። «ጎረቤት፣ ሚስማርህ ዛገ እኮ። ምነው፣ ሽልማቱ አለቀ?»

«አዲሱ ከንቲባ ገና ወንበሩን አላሞቀም። ጊዜ ስጪው እንጂ።»

«ጉድጓድ ጊዜ ይጠብቃል እንዴ?»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። አምና የድሮውን ከንቲባ ደግፋ «ጊዜ ስጡት» ስትል የከረመችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። «ጉድጓድ ጊዜ አይጠብቅም» ሲል የከረመው ደግሞ አባቷ። ቃል የተዋዋሱ ይመስላሉ።

«ምን ያስቅሻል?»

«አባዬ፣ ዳቦ አድራሹ አምናም ያው ዓይን ነበረው።»

አባቷ መፍቻውን አስቀመጠ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ። የድሮው ከንቲባ ሰፈር ሊጎበኝ የመጣ ቀን እጄን ዘረጋሁለት። ግሪሱን ሲያይ የራሱን እጅ ኪሱ ከተተ። ያ ሁሉ ሰው እያየ። ይኼኛው ግን በሁለት እጁ ነው የጨበጠኝ።»

ይህን ወሬ ስንቴ ሰምታዋለች። ባወራው ቁጥር መዳፉን ገልበጥ አድርጎ ያየዋል፤ ዛሬም አየው። አንጀቷን በላት። ተዘርግቶ ባዶውን የተመለሰ እጅ ስንት ዓመት እንደሚከብድ፣ የደረሰበት ያውቀዋል።

«መጨበጡስ ደግ አደረገ» አለች ቀስ ብላ። «ጉድጓዱን ግን አልደፈነውም።»

«ታዲያ ጠላት ይሳቅብኝ?»

«እትዬ ናት ጠላት? ትናንት የሸሚዝህን ቁልፍ የተከለችልህ?»

ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። «ምላስሽ የእናትሽ ነው» ብሎ አዲስ ቸርኬ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ።

ልጅቷ ብቻዋን ቀረች። የተጣመመውን ቸርኬ ብትሰቅለው አባቷን ይከፋዋል፤ ምናልባት እስከ ማታ አያናግራትም። ባትሰቅለው ደግሞ ነገም በሩ ላይ ያለውን ባዶ ሚስማር ቀና ብላ ማየት አለባት። ካርቶኑን ከጎማዎቹ ኋላ መዝዛ አቧራውን አራገፈችና መሬት ላይ አኖረችው። በርጩማውን በሩ ሥር አቆመች፣ ወጣችበት፣ የዳቦ አድራሹን ቸርኬ ሚስማሩ ላይ ሰቀለች።

አባቷ ተመልሶ መጣ። ቀና ብሎ አየ። ከማዶ የልብስ መኪናው ድምፅ ድንገት ቆመ፤ ልብስ ሰፊዋ እያየች መሆን አለበት።

«የዚህ በርጩማ አንድ እግር አጭር ነው ስልሽ አትሰሚም» አለ። ጎንበስ ብሎ በርጩማውን ጠበቅ አድርጎ ያዘላት።

አልወረደችም። «ካርቶኑን አቀብለኝ» አለችው።

 አባቷ አንድ እጁን ከበርጩማው አነሳ። መዳፉን ገልበጥ አድርጎ አየው፣ ጽሑፉን ግሪስ እንዳይነካው ሱሪው ላይ ደህና አድርጎ ጠረገውና ካርቶኑን አቀበላት።